ቫኪዩሙ፣ የጎማው መጥረጊያና ሁለቱ ጸጉራሞች፦ ከ9 ወር በኋላ

ውሻችን ቡቺ ነጭ ነው። ዳማ፣ ድመቱ፣ ስሙ እንደሚለው ነው። ሶፋችን ጥቁር፣ የእማዬ ነጠላ ደግሞ ነጭ። ይሄን ካወቃችሁ የቤታችን ችግር ግማሹ ገብቷችኋል። የቡቺ ጸጉር የሚታየው ሶፋው ላይ፣ የዳማ ጸጉር የሚታየው ነጠላው ላይ ነው።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ግቢ ስለሌለን ውሻው በር ላይ ታስሮ የሚጮህ ዘበኛ መሆኑ ቀርቶ የሳሎን ነዋሪ ሆኗል። እንግዳ ሲመጣ "እንዴ፣ ውሻ ቤት ውስጥ?" ማለቱ አይቀርም። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አፍ አውጥተው አይጠይቁም። አፍንጫቸው ይጠይቃል። ባለፈው ኅዳር ጨከንኩና በ18,500 ብር በባትሪ የሚሠራ ገመድ አልባ ቫኪዩም ገዛሁ። ስሙን አልጠራም፤ የሸጠልኝንም ሱቅ እንደዚያው።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ምንጣፋችን ጠዋት ጠዋት ይጠረጋል። ንጹሕ ነው ብለን ነበር የምናምነው። ቫኪዩሙን 10 ደቂቃ ያህል አስኬድኩትና ማጠራቀሚያው ጢም አለ። ስከፍተው እንደ ባዘቶ የተድበለበለ ግራጫ ነገር ወጣ። እማዬ በሁለት ጣቷ ነካ አደረገችውና "ይሄማ ቢፈተል ጋቢ ይወጣዋል" አለች። ሳቅን። ግን ውስጤ ትንሽ ደንግጧል። በየቀኑ ቁጭ ብለን ቡና የምንጠጣው እዚያ ላይ ነው።

በተለመደው መጥረጊያ ምንጣፍ ስንጠርግ ጸጉሩ ይነሳና አየር ላይ ይበተናል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይተኛል። አለርጂ ላለበት ሰው ደግሞ ዋናው ጣጣ ጸጉሩ ራሱ አይደለም። የድመት አለርጂ የሚያመጣው ፕሮቲን ከምራቁና ከቆዳው ነው የሚመነጨው። ድመቱ ራሱን ሲልስ ጸጉሩ ላይ ይቀራል፣ ሲደርቅ ደቅቆ ይበንናል። ትንሽ ወንድሜ ገና ከበር ሲገባ የሚያስነጥሰው ለዚህ ነው።

የቫኪዩሙ ካርቶን ላይ "ሄፓ" የሚል በትልቁ ተጽፏል። ትክክለኛው ሄፓ ፊልተር 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ብናኝ ቢያንስ 99.97 በመቶ ይይዛል። እኔ ላቦራቶሪ የለኝም፤ ሶፍት አለኝ። አየር በሚወጣበት በኩል ነጭ ሶፍት በላስቲክ አሰርኩና ሳሎኑን በሙሉ ጠረግኩ። ሶፍቱ ግራጫ ሆነ። ስለዚህ ካርቶኑን ማመን ትቼ ቫኪዩም በማደርግበት ሰዓት መስኮት እከፍታለሁ፣ ወንድሜንም ከቤት አስወጣዋለሁ።

አሁን የማመሰግንበትን ልንገራችሁ። ሚያዝያ ላይ ቁንጫ ገባብን። ቡቺ ከደረጃው ሥር ከሚያድሩት የሰፈር ውሾች ጋር ሲላፋ ነው ይዞት የመጣው። ሐኪሙ ለሁለቱም መድኃኒት ሰጠን፤ ለውሻው የውሻ፣ ለድመቱ የድመት። "እነዚህን እንዳታቀያይሪ" አለኝ ሁለት ጊዜ። ለውሻ የሚሠሩ አንዳንድ የቁንጫ መድኃኒቶች ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል ነገር አለ፤ ውሻው ምንም አይሆንም፣ ድመት ግን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ከዚያ ስለ ምንጣፉ ጠየቀኝ። የቁንጫ እንቁላል ልሙጥ ስለሆነ ጸጉር ላይ አይቆይም፤ እንስሳው በሄደበት፣ በተኛበት ይረግፋል። እንስሳው ላይ የምናየው ቁንጫ ጥቂቱ ነው። ብዙው ምንጣፍና ሶፋ ስንጥቅ ውስጥ እንቁላል፣ ትል ወይም ሙሽሬ (ትሉ ራሱን ጠቅልሎ ወደ ቁንጫ የሚለወጥበት ደረጃ) ሆኖ ተቀምጧል። ሙሽሬው ውስጥ ያለው ደግሞ ሙቀትና ንዝረት እስኪሰማው ለወራት መጠበቅ ይችላል። ቫኪዩሙ ሲንቀጠቀጥ "እንግዳ መጣ" ብሎ ይወጣል፣ ቫኪዩሙም ስቦ ያስገባዋል።

ሦስት ሳምንት በየቀኑ አደረግኩት። ከሶፋው ትራስ ሥር፣ ከአልጋው ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ ጥጉን። ማጠራቀሚያውን ወዲያው ፌስታል ውስጥ ገልብጬ፣ አስሬ፣ ውጭ። በአራተኛው ሳምንት እማዬ ካልሲዋን ገልጣ ቁርጭምጭሚቷን አሳየችኝ፤ አንድም ንክሻ የለም። 18,500 ብሩ ያን ቀን ተመለሰልኝ ብል አላጋነንኩም።

ሌላው ላይ እንዲህ አላወድሰውም።

መጀመሪያ ብሩሹ። የቡቺ ጸጉር ያስቸግረዋል ብዬ ስፈራ የታነቀው በእኔው ጸጉር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ገልብጬ በምላጭ እቆርጣለሁ። ቀጥሎ ቄጤማ። ለትንሣኤ ተጎዝጉዞ በማግስቱ በቫኪዩም ላንሳው አልኩ፤ ቱቦው ውስጥ ተጠቅጥቆ ለማውጣት የልብስ መስቀያ ሽቦ አስፈለገኝ። ቄጤማ በእጅ ነው የሚነሳው። ዳማም ቢሆን አስቀድሞ ግማሹን አኝኮ ምንጣፉ ላይ ያስታውከዋል። ከሰል የተፈናጠረበት አካባቢ በጭራሽ አይሞከርም፤ የሞተ የሚመስል ፍም ማጠራቀሚያው ውስጥ ካለው ጸጉር ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ማየት አልፈልግም።

ሰጋቱራው ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው። የድመት አሸዋ ውድ ስለሆነ ለዳማ የእንጨት ቤት ሰጋቱራ ነው የምናደርግለት። በደንብ ያገለግላል። በእግሩ እየያዘ ግን ኮሪደሩን ያለብሰዋል። ያንን በቫኪዩም ስስብ ከረምኩ። ደቃቁ አቧራ ፊልተሩን ደፈነውና የመሳብ ኃይሉ ደከመ። ፊልተሩን አጠብኩት። መመሪያው "24 ሰዓት ይድረቅ" ይላል። መመሪያውን የጻፈው ሰው የሐምሌን አዲስ አበባ አያውቃትም። በማግስቱ ስነካው የደረቀ መሰለኝና ገጠምኩት። ቫኪዩሙ እርጥብ ውሻ መሽተት ጀመረ። ውሻ ያለበት ቤት ውስጥ ውሻ ውሻ የሚሸት ማሽን! አሁን ክረምት ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ከፍሪጁ ጀርባ ሙቀቱ ጋ አስቀምጠዋለሁ።

ባትሪው ሲገዛ በትንሹ ኃይል 40 ደቂቃ ገደማ ይሄድ ነበር። ዛሬ 23 ደቂቃ ነው፤ በሰዓት ይዤዋለሁ። በትልቁ ኃይል 9 ደቂቃ። መብራት ሲጠፋ መሥራቱን እወድለታለሁ፤ ሳይሞላ ሲጠፋ ግን ያው ነው። "የ1 ዓመት ዋስትና አለው" ያለኝ ሱቅ ስደውል መጀመሪያ "ነገ ደውይ" ይለኝ ነበር፤ አሁን ጭራሽ አያነሳም። ብትገዙ ዋስትናውን በማኅተም በወረቀት ያዙ። ከመክፈላችሁ በፊትም "ባትሪው ለብቻው ይገኛል?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።

አሁን ወደ ጎማው። የገዛሁት ከአንድ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ በ650 ብር ነው። እንደ መጥረጊያ ረጅም እጀታ አለው፤ ጫፉ ላይ በጭረት ፋንታ ጥርስ ጥርስ የሆነ ጎማ። ጎማ ምንጣፍ ላይ ሲጎተት ጸጉሩን ይይዘዋል፣ ያንከባልለዋል፣ አንድ ቦታ ይሰበስበዋል። አጠር አጠር አድርጎ ወደ ራስ መሳብ ነው፤ እንደ ተራ መጥረጊያ ከገፋችሁት ዋጋ የለውም። ቫኪዩሙ ሦስት ጊዜ ተመላልሶበት የተወውን፣ ምንጣፉ ውስጥ የተሰካውን የቡቺን ጸጉር ይሄ መዝዞ ያወጣል። ባትሪ የለው፣ ፊልተር የለው፣ ጩኸት የለው። ቫኪዩሙ ሲነሳ ዳማ ቁምሳጥን ላይ ይወጣል፣ ቡቺ ይጮህበታል። ጎማው ሲነሳ ግን ቡቺ መጥቶ ጀርባውን ይሰጣል፣ ይታሽልኝ ብሎ።

ስለዚህ ሥራው ተከፋፈለ። በየቀኑ ጎማው፣ በሳምንት ሁለቴ ቫኪዩሙ። መቶ ብር የማይሞላ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ደግሞ ለልብስ። በውሃ ነከር ተደርጎ ነጠላው ላይ ወይም ጋቢው ላይ በአንድ አቅጣጫ ሲታበስ ጸጉሩ ይጠቀለላል። ይሄን ያስተማረኝ ማንም አይደለም፤ ዕቃ እያጠብኩ ዳማ እግሬ ሥር ሲልወሰወስ በጓንቱ ዳበስኩት፣ ጓንቱ ጸጉር ለበሰ።

ጸጉሩ እንዲህ ነው። ሽታው ግን በዕቃ አልተፈታም።

ዳማ የሚሸናበት አንድ ጥግ ነበረው፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ። እማዬ ደግሞ በበረኪና የምታምን ሰው ናት። ሽንት ቤት በበረኪና፣ ወለል በበረኪና፣ ነጭ ልብስ በበረኪና። አንድ ቀን ጥጉን ሳታጥብ፣ በረኪናውን ሳታቀጥን ቀጥታ ደፋችበት። ከጓዳ ሆኜ ስታስል ሰማኋት። ስደርስ ዓይኗ ያለቅሳል። የሽንት አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ደረት ይይዛል። በሩንም መስኮቱንም ከፍተን በረንዳ ላይ ቆምን። እኔም የባሰ ልሠራ ነበር፤ "አቼቶ ልጨምርበት?" ብዬ ነበር እኮ! በረኪናና አቼቶ ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው። እነዚህ ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ እንኳ እንዲቀመጡ አልፈቅድም።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ዳማ በማግስቱ እዚያው ሸና። አንዳንድ ድመት የበረኪና ሽታ ጭራሽ ይስበዋል። ዋናው ግን ሌላ ነው፤ ሽንቱ ደርቆ ይጋገራል፣ በውሃ በቀላሉ አይለቅም። ለእኛ ጠፋ ሲባል ለእሱ ይሸተዋል። ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ይቀሰቅሰውና ለእኛም ይሸተናል። "በጋውን ያልነበረ ሽታ ከየት መጣ?" የምትሉ ካላችሁ መልሱ ይሄ ነው።

እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ኢንዛይም ያለበት የሽንት ማጥፊያ ሻንጣዋ ውስጥ አድርጋ አመጣችልኝ። ኢንዛይሙ ያንን የተጋገረውን ይሰባብረዋል። መጀመሪያ ስጠቀም ግን አልሠራም ብዬ ተናድጄ ነበር። ለካ እንደ መስታወት ማጽጃ ነፋ አድርጌ ወዲያው እየጠረግኩት ነው። ጊዜ ይፈልጋል፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ ርሶ መቆየት አለበት። በረኪና በነካው ቦታ ላይ ደግሞ አይሠራም፤ በረኪናው ኢንዛይሙን ያበላሸዋል። ጥጉን በውሃ ብቻ ደጋግሜ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ከዚያ ኢንዛይሙን አርከፍክፌበት እርጥብ ጨርቅ አልብሼ አሳደርኩት። ሁለት ጊዜ እንዲህ ካደረግኩ በኋላ ዳማ ጥጉን ረሳው። አንድ ጠርሙስ አራት ወር ሄደልኝ። አሁን አልቋል፤ ከሻንጣ ውጭ የሚገኝበት መንገድ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። እስከዚያው ትኩሱን ሽንት ወዲያው በጨርቅ ተጭኖ መምጠጥ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ አቼቶ በእኩል ውሃ አቅጥኖ መወልወል። የደረቀውን አያነሳም፤ ትኩሱን ግን ይችለዋል። ደግነቱ የውሃ ፈረቃችን ቢያዛባም ለዚህ የሚሆን አንድ ጀሪካን አይጠፋም።

ወለል የምንወለውልበትንም ቀይረናል። ውሃ ውስጥ ጠብ ሲል እንደ ወተት የሚነጣ ፀረ ጀርም ነበር የምንጠቀመው። ሐኪሙ አስቆመን። እንዲህ የሚነጡት ብዙዎቹ የፌኖል ዘር አለባቸው፤ የድመት ጉበት ደግሞ ፌኖልን አጣርቶ ማስወጣት አይሆንለትም። ፓራሲታሞል ድመትን የሚገድለውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ድመት ወለሉን ባይልስም እግሩን ይልሳል፣ ያው ነው። አሁን ለሴራሚኩ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በባልዲ ውሃ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አንድ ዙር። ወለሉ እስኪደርቅ ሁለቱም መኝታ ቤት ይዘጋባቸዋል። በረኪና ሽንት ቤት ውስጥ ቀርቷል፣ ቀጥኖ፣ በሩ ተዘግቶ። እማዬን ለማሳመን ሁለት ወር ፈጀብኝ። "ሽታ ከሌለው ምኑን ጸዳ?" ትላለች እስከ ዛሬ።

ቫኪዩሙን ዛሬ ብጠየቅ እንደገና እገዛዋለሁ ወይ? ምንጣፍ ባይኖረን አልገዛውም ነበር። ሴራሚክ ብቻ ላለበት ቤት ጎማውና እርጥብ ጨርቁ ይበቃሉ። ምንጣፍና ሶፋ እያለን፣ ቡቺም ከሰፈር ውሾች ጋር መላፋቱን ስላላቆመ፣ አዎ እገዛለሁ፤ ግን ባትሪው የሚቀየርበትን። ያገለገለ ባትሪ ውስጡን ቀይሮ የሚሠራ ልጅ መርካቶ አለ ብለውኛል። ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ።