እናቴን ኢንሱሊን ያስተማረቻት ሲስተር

እናቴ በስኳር ታማ 5 ቀን ተኝታ ስትወጣ የተሰጠን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀትና ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን ነው። ማብራሪያ የለም። ቤት ገብተን ተፋጠጥን።

በሳምንቱ ሌላ ጤና ጣቢያ የስኳር ክትትል ሄድን። እዚያ ያለችው ሲስተር ትለያለች! ወንበሯን ወደ እናቴ አስጠጋች። ወተት የመሰለውን ብልቃጥ በሁለት መዳፏ መሃል ቀስ አድርጋ አንከባለለችው። "እማማ፣ እንዲህ ነው፤ እንዳይንጡት" አለቻት። ሆዷ ላይ ቦታ እየቀያየረች፣ ከእምብርቷ ሁለት ጣት ርቃ እንድትወጋ አሳየቻት። ፍሪጅ የለንም ስንላት እርጥብ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ማሰሮ ይሆናል አለችን። የተከፈተው ግን ከ4 ሳምንት አያልፍም። ስኳሯ ወርዶ ካላባትና እጇ ከተንቀጠቀጠ፣ ራሷን እስካልሳተች ድረስ፣ ወዲያው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነው።

በጣም ደስ ያለኝ መጨረሻ ላይ "አሁን ደግሞ እርስዎ ያስተምሩኝ" ማለቷ ነው። እናቴ አንከባለለች፣ እስከ 20 ቁጥር ቀዳች። አንዴ ተሳሳተች። ሲስተር ሳትቆጣ እንደገና አስቀዳቻት።

ሰልፉ ረጅም ነው፣ በጠዋት ድረሱ። የጾሙን ነገር ደግሞ እኛ ሳናነሳው ብትጠይቀን ጥሩ ነበር፤ እናቴ እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ሰው ናት።