የቦታ ሥነ ምህዳር ዶክትሬት፦ ከጎንደር ለሚነሣ አመልካች የሦስት መንገዶች ንጽጽር

በጎንደር በባዮሎጂ ወይም በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ፣ የቦታ ሥነ ምህዳርን (እንስሳትና ዕፅዋት በቦታ ላይ እንዴት እንደሚሰራጩ የሚጠናበትን) ከስታትስቲክስ፣ ከካርታ ሥራና ከኮድ መጻፍ ጋር አጣምሮ ለመማር የሚፈልግ ሰው ሦስት መንገዶች አሉት፤ በሀገር ውስጥ በአንድ የትምህርት ክፍል ሥር መማር፣ ጊዜውን ከሀገር ውስጥና ከውጭ ከፍሎ በ«ሳንድዊች» መማር፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ውጭ መሄድ።

መሣሪያ ልዩነት እንደማይፈጥር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የስታትስቲክስ ፕሮግራሙ አር እና የካርታ ሥራ ፕሮግራሙ ኪውጂአይኤስ በነፃ ይገኛሉ፤ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተነሡት የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ክፍያ ይወርዳሉ፤ የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስልም መሬቱን እስከ 10 ሜትር ድረስ ለይቶ ያሳያል። ልዩነቱ ያለው ኮድዎን ቁጭ ብሎ የሚያነብልዎ ሰው በመኖሩና ባለመኖሩ ነው።

የሀገር ውስጡ መንገድ ትልቁ ጥቅም የጥናቱ ቦታ ደጅ ላይ መሆኑ ነው፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻም ቅርብ ነው። ሆኖም አማካሪዎቹ ሁሉ ከአንድ ሙያ ከሆኑ ችግሩ ዘግይቶ ይታያል። ለምሳሌ በፓርኩ ውስጥ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ በመኪና መንገዱ ዳር ብቻ ጭላዳ የቆጠረ ሰው፣ ያገኘው የጭላዳውን ስርጭት ሳይሆን የመንገዱን ቅርጽ ሊሆን ይችላል፤ ተቀራራቢ ነጥቦችም እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ እያንዳንዳቸው ራሱን እንደቻለ ናሙና ሊቆጠሩ አይገባም። ይህንን የሚጠይቅ ስታትስቲክስ አዋቂ ገና ከንድፉ ጀምሮ በአማካሪነት መኖር አለበት።

አንድ የማውቀው ተማሪ የዋልያ ነጥቦቹን ከፊሉን ከቆየ የወረቀት ካርታ፣ ከፊሉን ከጂፒኤስ ወስዶ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ቀላቀላቸው። የቆዩት ካርታዎቻችን አዲንዳን በተባለው፣ ጂፒኤሱ ግን ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው ነጥቦቹ ከመቶ ሜትር በላይ ተዛነፉ፤ በሰሜን ተራሮች ደግሞ ያ ርቀት ዋልያውን ከገደሉ አፋፍ አንሥቶ አየር ላይ ያንሳፍፈዋል። ስህተቱን የደረሰበት ውጭ ሀገር ያገኘው ሁለተኛ አማካሪው ነበር። እኔ ወደ ሳንድዊቹ የማደላው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥያቄውም መረጃውም የተማሪው ሆነው ይቀራሉ፣ የጎደለው ሙያ ብቻ ከውጭ ይመጣል። ጉዳቱ ሁለት አስተዳደር ማገልገል ነው፤ ወረቀቱ ከጥናቱ ይበልጥ ያደክማል።

ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ መሄድ አንድ ዓይነት ምርጫ አይደለም። አሜሪካ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪን ግድ አትልም፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኮርስ ናቸው፣ ከዚያ የብቃት ፈተና ይከተላል፣ ጠቅላላው 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ በዚሁ መስክ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸውን ተማሪዎች አንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። ሂሳቡ ለሳሳበት የባዮሎጂ ምሩቅ ከሁሉም የሚሻለው በኮርስ የሚጀምረው የአሜሪካው መንገድ ነው። በአውሮፓ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ዓመት ነው፤ ተማሪው ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው በተዘጋጀ ፕሮጀክት ላይ በደመወዝ ስለሆነ፣ የሰሜን ተራሮችን ጥያቄ ይዞ መግባት ይከብዳል።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ወደ መስክ መውጣት በማይቻልበት ወቅት ሥራው እንዳይቆም አንዱ ምዕራፍ ከሳተላይት ምስል ብቻ የሚሠራ ቢሆን ይመከራል፤ የጣና እንቦጭ ለዚህ የተመቸ ነው። ክረምቱን ደመና ስለሚሸፍነው ግን የሴንቲኔል 1 ራዳር ምስል መጨመር ያስፈልጋል። ከመፈረም በፊት አማካሪውን በጽሑፍ የሚጠይቁት ደግሞ ሦስት ነገር ነው፤ ስታትስቲክሱን የሚከታተለው ማን እንደሆነ፣ መረጃው በማን ስም እንደሚቀመጥ፣ የበቅሎውንና የስካውቱን (በፓርኩ አብሮ የሚሄደውን ጠባቂ) ወጪ ማን እንደሚሸፍን።