«ሙድ ኢንዲጎ»፦ ረጅሙ ወይስ አጭሩ?

ሚሼል ጎንድሪ ከቦሪስ ቪያን ልቦለድ የሠራው ይህ የፍቅር ፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ተመልካቹን ለሁለት ከፈለ። ፈረንሳይ ውስጥ የታየው ከ2 ሰዓት በላይ ነው፤ ለውጭ አገር የተቆረጠው 94 ደቂቃ።

ረጅሙ ብዙ ሰው አድክሟል። ሲጫወቱት መጠጥ የሚቀላቅል ፒያኖ፣ እንደ ነፍሳት ግድግዳ ላይ የሚሮጥ የበር ደወል፤ ፋታ የለም። አጭሩ ቶሎ ወደ ፍቅሩ ይገባል።

እኔ ግን ረጅሙን እመርጣለሁ። የፊልሙ ባለታሪክ ክሎዌ ሳንባዋ ውስጥ የውሃ አበባ በቅሎባት ስትታመም ቤቱም አብሯት ይጠብባል፤ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ቀለሙ እየደበዘዘ ሄዶ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ያ መጥበብ ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ደስታ ሳንጠግበው ቢነጠቅ እንዴት ያመናል? ተዋናዮቹን ሮማን ዱሪስንና ኦድሬ ቶቱን ለማየት ብቻ የተቀመጠ ሰው ግን በአጭሩ ቢጀምር አልቃወምም።