የባሌ ተራሮችን ፎቶ ለማንሳት የምትሄዱ፣ ዲንሾ ላይ እኚህን ሰው ጠይቁ

ይህን የምጽፈው ለአንድ አስጎብኚ ያለብኝን ምስጋና በአደባባይ ለማድረስ ነው። የመልክዓ ምድር ፎቶ የምታነሱ፣ በተለይ እንደ እኔ በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥራ የምትሠሩ ደግሞ እንደ ጥቆማ ያዙት። የባሌ ተራሮች ፓርክ መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ «ማን ይዞን ይሂድ?» የምትሉኝ በዝታችኋል።

ለዓመታት ሳነሳ የኖርኩት ሰሜን ተራሮችን ነው። እሜት ጎጎ ላይ የቆመ ሰው ብዙ አይቸገርም፤ ገደሉ፣ ጥላውና ርቀቱ ተደራጅተው ይጠብቁታል። ችግሩ ሁላችንም እዚያው ቆመን ማንሳታችን ነው። የእኔን ፎቶ ከጓደኞቼ ለመለየት ፊርማ ማየት ሲያስፈልግ ሌላ አገር ልፈልግ አልኩ። የባሌው ሳነቴ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ቶሎ አይገኝም። እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ራሱ 4,377 ሜትር ሆኖ ሳለ ከሜዳው ሲያዩት ጉብታ ቢጤ ነው። ብዙ ሰው ቀይ ቀበሮ አንስቶ የሚመለሰውም ለዚህ ይመስለኛል።

እሳቸውን ያገኘሁት የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ዲንሾ፣ በአስጎብኚዎቹ ማኅበር በኩል ነው። ስማቸው በኢንተርኔት እንዲዞር ስለማይፈልጉ አልጽፈውም፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ገና ካሜራውን ሲያዩ «አውሬ ነው የምታነሺው ወይስ አገሩን?» አሉኝ። አገሩን ነው አልኳቸው። «እንግዲያው መኪናው ይቁም፣ ፈረስ እንያዝ።» እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ አስጎብኚ አልነበረም። ፎቶ አንሺ ሲባል ሁሉም ቀጥታ ወደ አጋዘንና ወደ ቀበሮ ነው የሚወስደው።

ወዲያው እንውጣ ብዬ ብጣደፍም እሺ አላሉም። ዲንሾ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ መጀመሪያ እዚያ ካላደርሽ ሳነቴ ላይ ራስ ምታት እንጂ ፎቶ አታገኚም አሉ። ጋይሳይ ሜዳ ላይ በእግር አዟዟሩኝና በማግስቱ ተነሳን።

ጋሼ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ከብት በመጠበቅ ነው። ሳነቴ ላይ ከዝናብ በኋላ የሚቀሩትን ትናንሽ ኩሬዎች የትኛው ቶሎ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ነፋስ እንደማይነካው፣ የትኛው ሌሊት በረዶ እንደሚይዝ አንድ በአንድ ያውቃሉ። ለእሳቸው የከብት ውሃ ነው፤ ለእኔ ደግሞ የሜዳውን ባዶነት የሚሞላ ሰማይ ሆነልኝ። ውሃው ዳር ዝቅ ብዬ ትራይፖዱን መሬት ላይ ስዘረጋው ያ «ምንም የለበትም» ያልኩት ሜዳ ሁለት ሰማይ ያለው ቦታ ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ ጉዞ መርጬ ካሳተምኳቸው ውስጥ አብዛኞቹ የተነሱት ከእነዚህ ኩሬዎች ዳር ነው።

የጅብራው ነገር ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ጅብራ ሌሊት ቅጠሎቿን ወደ ውስጥ ሰብስባ እምቡጧን ከውርጭ ትከላከላለች፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካት ቀስ እያለች ትገልጣለች። በንባብ አውቀው ነበር፤ የት ቆሜ እንደማየው ግን አላውቅም ነበር። ጋሼ ለሱብሂ ሶላት ሲነሱ እኔንም ይቀሰቅሱኛል (የስልኬን ደወል ከዚያ ወዲህ አልሞላሁትም)፣ ሻይ ይሰጡኛል፣ ከዚያ በጨለማ ወደ አንድ ተዳፋት ይመሩኛል። የመጀመሪያው ብርሃን የሚያርፈው እዚያ ነው። አመዳይ የያዛቸው ቅጠሎች እንደተዘጉ አነሳኋቸው፤ ፀሐዩ ወጥቶ እስኪከፈቱም ከቦታዬ አልተንቀሳቀስኩም። ጅብራ ዕድሜዋን ሙሉ የምታብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ ትደርቃለች። የደረቁትን ግንዶች ለጥቁርና ነጭ ሥራ እንድመለከታቸው ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው።

ወደ ሐረና ጫካ ስንወርድም እንዲሁ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ድንገት ወደ ጫካው ያዘቀዝቃል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከውርጭ አገር አስታውን፣ ቀርከሃውንና ኮሶውን አልፈው ጫካ ቡና ካለበት ይደርሳሉ። የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለባቸውን አስታዎች በጠራራ ፀሐይ ብታነሷቸው ብርሃኑ ተቆራርጦ ፎቶው ይዝረከረካል። ጋሼ ሪራ መንደር ላይ ቡና አስፈልተው አስቀመጡኝና ጉሙ ከታች እስኪመጣ «ቁጭ በይ» አሉ። ስንት አስጎብኚ ነው ደንበኛው እየተቁነጠነጠ ዝም ብሎ ቡና የሚጠጣ?

አሁን ለማን እንደማይሆኑ ልንገራችሁ። ለመቸኮል አይሆኑም፤ የቅዳሜና እሁድ ጉዞ ከሆነ ሌላ ሰው ያዙ። እንግሊዝኛ ብዙም አይናገሩም፤ የውጭ እንግዳ ካላችሁ አስተርጓሚ ያስፈልጋችኋል። ወሬም አያበዙም። ቀይ ቀበሮ ከሚወልድበት ጉድጓድ አጠገብ ደግሞ በገንዘብም በልመናም አይወስዷችሁም። ልክ ናቸው፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። መኪና ከመንገድ አስወጥቶ ሜዳው ላይ ሊነዳ የነበረ የአንድ ቡድን ሹፌር ጋር ሲነጋገሩ አይቻለሁ። ድምፃቸውን ሳይጨምሩ መለሱት። ፍልፈሎቹ የሚኖሩት ከዚያ መሬት ሥር ነው፣ ቀበሮው ደግሞ የሚበላው እነሱን ነው።

ብቻችሁን ለምትጓዙ ሴቶች፦ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ድንኳኔ የት እንደሚተከል፣ ከስካውቱ (አብሮን ከሚሄደው የፓርኩ ጥበቃ) እና ከፈረስ ጎታቹ ጋር ማን ምን እንደሚሠራ ሁሉ ከመነሳታችን በፊት ፊት ለፊት ነገሩኝ። አንድም ቀን አልሰጋሁም።

ዋጋው ማኅበሩ የለጠፈው ነው፤ እባካችሁ አትከራከሯቸው። የፓርኩ መግቢያና የስካውቱ ክፍያ ለብቻ ነው፣ ፈረሱና ፈረስ ጎታቹም እንዲሁ። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ አትሂዱ። ሰማዩ የሚጠራው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፣ ብርዱም የሚብሰው ያኔ ነው፤ ወፍራም የመኝታ ከረጢትና ትርፍ ባትሪ ያዙ፤ ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል።

ጋሼ፣ ገለቶማ፤ አላህ ይስጥልኝ። ያልኩዎትን ፕሪንት በዲንሾ አውቶቡስ ልኬዋለሁ፣ ማኅበሩ ቢሮ ጠይቁ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደምትሄዱ ጨምሩበት፤ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።