ደብረ ማርቆስ ላይ የዲሽ ገመድ ለምትገዙ ሁሉ

ትናንት በደብረ ማርቆስ ገበያ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫዎች በአንዱ የተፈጸመብኝን በደል፣ ንዴቱ ገና ሳይበርድልኝ የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያው ወጥመድ እንዳይያዝ ነው።

የግቢያችን ባሕር ዛፍ አድጎ ሲግናሉን ስለጋረደው፣ ዲሹን ወደ ጓሮው ጫፍ ለማዛወር 60 ሜትር ገመድ ያስፈልገኝ ነበር። ሻጩን ታውቁታላችሁ፤ «ለእርስዎ ስለሆነ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አንሸጥም» የሚለውን፣ «ሙሉ መዳብ ነው» እያለ የሚምለውን፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ ዋጋው እንደሚጨምር የሚናገረውን። ገመዱ ከጓዳ ተጠቅልሎ ወጣልኝ፤ ከፍዬ ይዤው ሄድሁ።

ቤት ወስደን ስንዘረጋው ዲሹ ዘንድ ሳይደርስ አለቀ፤ ከመካከሉም በጥቁር ናስትሮ የተጠመጠመ እብጠት ተገኘ። በልባሱ ላይ በየሜትሩ የታተመውን ቁጥር ስናነብ አንዱ ቁራጭ ከ012 እስከ 031፣ ሌላው ከ244 እስከ 272 ይላል፤ ሁለቱ ተደምረው 47 ሜትር ናቸው።

ነገሩ የጎደለው 13 ሜትር ብቻ አይደለም። ሲግናል በገመድ ውስጥ በረዘመ ቁጥር ይደክማል፤ ደህና የሚባለው የዲሽ ገመድ ዓይነት፣ አርጂ 6 እንኳ በ1000 ሜጋኸርዝ ላይ በ100 ሜትር 20 ዴሲቤል ገደማ ያጠፋል። ሪሲቨሩም ዲሹ ላይ ሆኖ ሲግናሉን ለሚቀበለው ኤልኤንቢ 13 ወይም 18 ቮልት የሚልከው በዚያው ገመድ ስለሆነ፣ በላላ መገጣጠሚያ ላይ 18 ቮልቱ ከሚገባው በላይ ሲወርድ በዚሁ 18 ቮልት የሚመረጡት፣ በአግድም ሞገድ የሚተላለፉት ጣቢያዎች ይጠፋሉ። የእኛ አገር ክረምት ሲገባ ደግሞ ውኃው በናስትሮው ሥር ሰርጎ ሽቦውን ይበላዋል።

ገመዱን ይዤ ተመለስሁና ቅጥሉን አሳየሁት። ሻጩ «እስቲ ልየው፣ ጋሼ» ብሎ በትሕትና ተቀበለኝ፤ ናስትሮውን በጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገ፤ ከዚያም እኔ ቁጥሮቹን እያነበብሁለት ሳለ መቀሱን አንሥቶ ቅጥሉን ከግራና ከቀኝ ቆረጠና ከባንኮኒው ሥር ወረወረው። ሁለቱን ቁራጭ መልሶ እየሰጠኝ «የታለ ቅጥሉ? ከየት እንዳመጣኸው በምን አውቃለሁ? ደረሰኝ አለህ?» አለኝ። ገንዘቤን ሲቀበል «እርስዎ» ሲለኝ የነበረ ሰው ነው። አጠገቡ የቆመው ረዳቱ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «ጋሼ፣ ለጥቂት ክንድ ገመድ ነው እንዲህ የሚጮኹት?» ብሎ ሳቀ፤ ሊገዙ የገቡ ሰዎችም ጠብ ፈላጊ መስያቸው ገለል አሉልኝ። ከገንዘቡ ይልቅ አሁንም የሚያንገበግበኝ ማስረጃዬን ዐይኔ እያየ መቁረጡና አንድም ሰው ቃል አለመተንፈሱ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ይህንን ስነግረው «እንግዲያው ክሰስ» ነበር መልሱ።

የምትገዙ ሰዎች፣ ጥቅልሉ ፊታችሁ ተዘርግቶ የሁለቱን ጫፍ ቁጥር ቀንሱ፤ የመካከለኛውን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ ማግኔት አስጠጉ፤ ከያዘው መዳብ የተቀባ ብረት እንጂ ሙሉ መዳብ አይደለም። ደረሰኙንም ጭማሪ ሳትከፍሉ ተቀበሉ።