ትንሿ የግቢ ቆጣሪ፦ ጭቅጭቅ ትቀንሳለች፣ ሒሳቡን ግን አትሠራላችሁም

አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮችን የሚያጣላቸው የመብራት ሒሳብ ነው፣ በተለይ አንዷ ቤት እንጀራ ከጋገረች። በየቤቱ ከብሬከሩ ቀጥሎ የምትገጠመው ትንሽ ዲጂታል ቆጣሪ ለዚህ ትበጃለች። ስትገዙ የተጻፈባትን አምፔር እዩ፤ 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ከ30 በታች አትውሰዱ። የፌዙ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) ብሎን ከላላ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል፤ ኤሌክትሪሺያን ያጥብቀው።

ጣጣው ስሌቱ ላይ ነው። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ስለሚወደድ፣ የየቤቱን ንባብ በዝቅተኛው ዋጋ ብታባዙ ድምሩ ከቢሉ ያንሳል፤ ያው ሌላ ጠብ! ጠቅላላ ክፍያውን ቢሉ ላይ ላለው ጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት (የፍጆታው መለኪያ) አካፍሉና በየቤቱ ንባብ አባዙ። የሚተርፈው የግቢው አምፖልና የውሃ ፓምፕ ነው፤ እኩል ተካፈሉት። ንባቡን ቢሉ በተነበበበት ቀን፣ ሁሉም ባለበት ውሰዱ።