ናይሮቢ ለምትሄዱ፦ ሊሙሩንና ናይቫሻን ያስጎበኘንን ወንድማችንን ላመስግን

ኬንያን በቡድን ለመጎብኘት ለምታስቡ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ፤ በዚያውም በአደባባይ ላመስግነው። ከናይሮቢ ተነሥቶ የሻይ አገር የሆነችውን ሊሙሩንና የናይቫሻን ሐይቅ አሳይቶ በሰላም የመለሰን ሹፌርና አስጎብኚ ነው። በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ያደገ በመሆኑ አማርኛን አቀላጥፎ ይናገራል። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እንድሰጥ ግን ፈቅዶልኛል።

ቡድናችን ጡረታ የወጡ መምህራን፣ በግብርና ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችና ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ቤተሰቦች የተቀላቀሉበት ነበር። አንዱ ፎቶ ማንሳት ሲፈልግ ሌላው ስለ ማዳበሪያ ይጠይቃል፤ ሕፃናቱ ደግሞ ቀጭኔው የታለ ይላሉ። ወንድማችን በዋዜማው ምሽት ያረፍንበት ሆቴል ድረስ መጥቶ ማን ምን ማየት እንደሚፈልግ፣ ዳገት የሚከብደው ማን እንደሆነ፣ በሰዓቱ መድኃኒት የሚወስድ እንዳለ ጠየቀን። የት የት እንደምንቆም የወሰነው ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው። ሊሙሩ ስለሚበርድ ጃኬት እንዳንረሳም ያስጠነቀቀን ያኔ ነው።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወጣን። ሊሙሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ስንደርስ ማሳው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ጉሙ ሲገለጥ ወገብ ድረስ ተስተካክሎ የተቆረጠው ሻይ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ምንጣፍ መሰለን። ኬንያ ውስጥ ሻይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው እዚሁ ሊሙሩ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፤ ለገበያ መመረት የጀመረው ግን በ1920ዎቹ ነው። ዛሬ አገሪቱ ጥቁር ሻይ ወደ ውጭ በመላክ በዓለም ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት፤ ከምርቱም ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከአነስተኛ ገበሬዎች ማሳ ነው።

የተቀበሉን እናት ከእነዚህ ገበሬዎች አንዷ ናቸው። ይዘውን ወደ ማሳው ገቡና አለቃቀሙን አሳዩን፦ ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ፣ ከዚያ በላይ የለም። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ተመልሰው ያንኑ ተክል ይለቅማሉ። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ለቀማው ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም፤ ብርዱ ሲጠና ግን ይቀንሳል። በየጥቂት ዓመቱ ደግሞ ተክሉን ዝቅ አድርገው ይገርዙታል። ካልተገረዘ አድጎ ዛፍ እንደሚሆን ሲነግሩን ብዙዎቻችን ተገረምን።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ነገር የሆነው እዚህ ላይ ነው። ከቡድናችን አንዱ አባት፣ «ሦስተኛውንም ቅጠል ቢጨምሩበት ኪሎው አይበዛላቸውም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ወንድማችን ጥያቄውን እንዳለ ወደ ስዋሂሊ አዞረው። ሴትዮዋ ሳቁና ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ስንት አስጎብኚ አይቻለሁ፣ አምስት ደቂቃ የተነገረውን «አይሆንም ይላሉ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋ! እሱ ግን አንድ ሳያስቀር ተረጎመልን፤ ሦስተኛው ቅጠል ጠንካራ ስለሆነ የሻዩን ጥራት እንደሚያወርደው፣ ተረካቢውም አይቶ እንደሚመልሰው፣ ሴትዮዋ ለቀማ ሲጀምሩ እንዲህ ተመልሶባቸው እንደሚያውቅም ጭምር። ቀጥሎ ሌላው ጓደኛችን ስለ ክፍያው ሲጠይቅ ወንድማችን ወዲያው አልተረጎመም። መጀመሪያ፣ «ስለ ገንዘብ ቢጠየቁ ቅር ይልዎታል?» ብሎ ፈቃዳቸውን ጠየቀ፤ ይህንንም ለእኛ ነገረን። እርሳቸውም ደስ እያላቸው አስረዱን። በየወሩ ባስረከቡት ኪሎ ልክ የተወሰነ ይከፈላቸዋል፤ ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ ሻዩ በተሸጠበት ዋጋ መሠረት ቦነስ ይታሰብላቸዋል። ዋጋው የሚወሰነው በአብዛኛው ሞምባሳ ላይ በየሳምንቱ በሚደረገው ጨረታ ነው። የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚከፍሉት ከቦነሱ መሆኑን ሲናገሩ የእኛዎቹ ገበሬዎች በደንብ ገባቸው። ከዚያ ሴትዮዋ በተራቸው ስለ እኛ አገር ቡና ጠየቁን፤ ያንንም እንደዚያው ተረጎመልን። ጉብኝቱ ወደ ጨዋታ ተለወጠ፣ ሰዓቱም ከታሰበው በላይ ሄደ። እሱ ግን አንድም ጊዜ ሰዓቱን ሲያይ አላየሁትም።

ፋብሪካ ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ ይዞልን ነበር። ነጭ ካፖርትና የፀጉር መሸፈኛ ለብሰን ገባን። ቅጠሉ መጀመሪያ ለሰዓታት ነፋስ እየተነፋበት ይጠወልጋል፤ ቀጥሎ በጥርሳም ሲሊንደሮች መካከል እያለፈ ይቆረጣል፣ ይበጣጠሳል፣ ይጠቀለላል። ከዚያ ከአየሩ ጋር ተገናኝቶ ሲብላላ አረንጓዴው ዓይናችን እያየ ወደ መዳብ ቀለም ተለወጠ። በመጨረሻ በሙቅ አየር ደርቆ በወንፊት ይለያል። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ከአራት ኪሎ በላይ እርጥብ ቅጠል ያስፈልጋል። የማሽኑ ጩኸት ስለማያነጋግር ወንድማችን ከመግባታችን በፊት ውጭ አቁሞ ሂደቱን በሙሉ አስረድቶን ነበር፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ማሽን ስናይ ምን እንደሚሠራ እናውቅ ነበር።

ከሊሙሩ በአሮጌው የማይ ማሂዩ መንገድ ቁልቁል ወረድን። ስምጥ ሸለቆው ከላይ ሲታይ፣ ከፊት ለፊት 2,776 ሜትር ከፍታ ካለው የሎንጎኖት እሳተ ገሞራ ተራራ ጋር፣ ማንም ሊያየው የሚገባ ነው። ከቁልቁለቱ ግርጌ መንገድ ዳር ያለችው ትንሽዬ ቤተ ክርስቲያን ግን ለእኛ የተለየች ነበረች። የሠሯት ይህን መንገድ እንዲሠሩ የተመደቡ ጣሊያናውያን የጦር ምርኮኞች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1942። እንግሊዝ ጣሊያንን ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ባስወጣችበት ጦርነት በብዙ ሺህ ተማርከው ወደ ኬንያ ከተወሰዱት መካከል ነበሩ። ወንድማችን ታሪኩን ሳያስጌጥ በአጭሩ ነገረን፣ ከዚያ ወደ መኪናው ሄዶ ለብቻችን ተወን። አባቶቻቸው አርበኛ የነበሩ ሰዎች አብረውን ስለነበሩ ያን ጊዜ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው።

ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተሳፈርን። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ባይኖርም ውኃው ጨዋማ አይደለም፤ ምክንያቱም ከመሬት በታች ሰርጎ ይወጣል። በውኃው ውስጥ የቆሙ የደረቁ ግራሮች አሉ፤ ሐይቁ ባለፉት ዓመታት ሞልቶ ስለዋጣቸው ነው። ወንድማችን የእያንዳንዱን ሰው የሕይወት አድን ጃኬት በእጁ ፈትሾ ካሰረ በኋላ ነው ጀልባው እንዲነሣ የፈቀደው፤ ጀልባ ነጂውንም ጉማሬዎቹን እንዳይጠጋ አስጠነቀቀው። ሐይቁ ውስጥ ባለችው ክሬሰንት አይላንድ ላይ አዳኝ አውሬ ስለሌለ በእግር እየሄድን ቀጭኔና የሜዳ አህያ በቅርብ አየን። ሕፃናቱ የሚያወሩት እስካሁን ስለዚያ ብቻ ነው። በሐይቁ ዳር የተደረደሩትን የአበባ ግሪን ሃውሶች ከመንገድ ብቻ ነው ያየናቸው፤ ጽጌረዳው ተቆርጦ በቀዝቃዛ መኪና ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚደርስና አብዛኛው ወደ አውሮፓ እንደሚበር ነግሮናል።

ስለ ገንዘቡም ልናገር። የመኪናውን፣ የመግቢያውንና የጀልባውን ክፍያ ለየብቻ ጽፎ በሽልንግ አሳወቀን፤ ደረሰኞቹንም ማታ አስረከበን። የጌጣጌጥ መሸጫዎቹ ጋ ስንቆም ከሻጮቹ ምንም ኮሚሽን እንደማይወስድ ቀድሞ ተናገረ፤ መግዛት ያልፈለገም ማንም አልተጫነውም። በምሽት በከባድ መኪና የሚጨናነቀውን ዳገት ሳይመሽ ለማለፍ ሲል አንድ ፌርማታ ሰርዟል፤ ምክንያቱን ሲያስረዳን ሁላችንም ተስማማን።

እሱን ለመያዝ የምትፈልጉ አስቀድማችሁ ደውሉ፣ የፋብሪካው ፈቃድ ጊዜ ይወስዳልና። ናይቫሻ አጠገብ ያለውን ሔልስ ጌት ፓርክን በዚያው ቀን እንዲጨምርላችሁ አትጠይቁት፤ ለራሱ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ ከተጨመረ ደግሞ የሚቆረጠው የሻይ ማሳው ነው። ገበሬ ወይም አዛውንት በቡድናችሁ ካሉ ይህንኑ በስልክ ንገሩት።

ወንድማችን፣ እናቶቻችንን እጃቸውን ይዘህ ከጀልባ ስላወረድክ፣ ለጠየቅንህ ሁሉ ሳትሰለች ስለመለስክልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ሥራህን ያብዛልህ።